ፕራይመስ የተሸከመው

እሑድ፣ ሜይ 10

የመቃብር እሑድ በሰላም አለፈ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኛል። ትናንት ቀኑን ሙሉ የመቃብሩን ሣር ስንነቅል፣ አፈሩን ስንጠርግ ዋልን፤ የሞተ ዘመድ ላይ ሣር አብቅሎ እንግዳ መቀበል በእናቴ ዘመን ነውር ነበር፣ በእኔም ዘመን ነውር ነው። ለኤርል ቢጫ ጽጌረዳ አኖርኩለት። ባሌ በቁሙ አበባ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ አሁን ምን ይመልስልኛል።

ምሳው እንደ ወትሮው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነበር። የእኔ ዶሮ ጥብስ ከሁሉም ቀድሞ አለቀ። ወንድሜ ሮይስ ከበርሚንግሃም የመጡ የቅርስ ማኅበር ሰዎችን ይዞ መጣና "እህቴ፣ እስቲ የፕራይመስን ነገር አጫውቻቸው" አለኝ። አጫወትኳቸው። የአያቴ አያት ካፒቴን ያርብሮ ሰሜንና ደቡብ ወደተዋጉበት ጦርነት ሲዘምት ባሪያውን ፕራይመስን ምግብ አብሳይና ልብስ አጣቢ አድርጎ ይዞት እንደሄደ፤ ካፒቴኑ ጆርጂያ ውስጥ እግሩን ሲመታ ፕራይመስ በጀርባው አዝሎ፣ ጫካውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እዚህ ሃርፐር ስፕሪንግስ ድረስ አምጥቶ በረንዳው ላይ እንዳስቀመጠው። ይህን ታሪክ ስናገር ያምርብኛል። ወንዙ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

አንዷ ሴትዮ ዓይኗን እየጠረገች "ይኼ ፍቅር ነው" አለች። "አያቴም እንደዚያ ትል ነበር" አልኳት። አያቴ እንደዚያ ብላ አታውቅም። ለምን እንደጨመርኩት እንጃ። መጨረሻውንም አልነገርኳቸውም፤ ሰው እየበላ ነው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

ሮይስና ጓደኞቹ ለፕራይመስ የመቃብር ድንጋይ አቆሙለት። ከአጥሩ ወዲያ፣ በጥቁሮቹ በኩል፣ እስከ ዛሬ ዛጎል የተደረደረበት ተራ ድንጋይ ብቻ በነበረበት ቦታ። "ፕራይመስ፤ የደቡብ ታማኝ ወታደር" ይላል። ከጎኑ የደቡብ ጦሩን ባንዲራ ተከሉ፤ ቀዩን፣ በሰማያዊ መስቀለኛ መስመር ላይ ኮከቦች ያሉበትን።

ሮይስ በላብ ተጠምቆ፣ ጥፍሩ ውስጥ ሲሚንቶ ገብቶ፣ እንደ ልጅነቱ ደስ ብሎት ነበር። "ለጥቁር ሰው በገዛ እጄ ሐውልት ሳቆም ዘረኛ የሚለኝ ካለ ይምጣ" አለኝ። ከልቡ ነው፤ ወንድሜ ተንኮል አያውቅም። ወታደር አልነበረም እኮ፣ አብሳይ ነበር ልለው አስቤ ነበር። ከዚያ የጋዜጣው ልጅ ፎቶ ላንሳችሁ ሲል መሀል ላይ እኔን አቆሙኝ፣ እኔም ቆምኩ።

የፕራይመስን ዘመዶች ጠይቃችኋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

ከአልቬታ ጋር እንደ ልማዳችን የትምህርት ቤቱን ሜዳ ዞርን። ፕራይመስ የአልቬታ ምክረይ የአያቷ አያት ነው። የካልሲ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የእኔና የእሷ ማሽን ጎን ለጎን ነበር። እዚያ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚያደነቁር ሁላችንም ከንፈር ማንበብ ተምረናል፤ እስከ ዛሬም አልቬታ ሰው ስታዳምጥ የምታየው ዓይን ሳይሆን አፍ ነው። ኤርልን የቀበርኩ ቀን ክንዴን ደግፋ የቆመችው እሷ ናት።

ስለ ቲማቲም ችግኝ አወራን፣ ስለ ጉልበቷ አወራን። ጋዜጣውን እንዳየችው ከአረማመዷ አወቅሁ። እሷም ማወቄን አውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በመጨረሻ የመኪናዋን በር እየከፈተች "አያቴ ላይ የተተከለው የማን ባንዲራ ነው?" አለችኝ። ሮይስ ለክብር ብሎ ነው አልኳት። "ለማን ክብር?" አለችና ሄደች።

ዓርብ፣ ሜይ 22

አልቬታ ባንዲራውን ነቀለችው። ሮይስ መልሶ ተከለው። ሁለቱም ለእኔ ስልክ ደውለው ነገሩኝ፣ ለሁለቱም "ይሁና" አልኩ። ከነገሩ ጦም እደሩ።

እሑድ፣ ጁን 21

የቻርልስተኑ ነገር። አንድ ነጭ ወጣት ዘጠኝ ጥቁሮችን ገደለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያጠኑ ተሰብስበው፣ እሱንም እንግዳ ብለው አስቀምጠውት።

ዛሬ ቴሌቪዥኑ ገዳዩ ባንዲራውን ይዞ የተነሳውን ፎቶ አሳየ። ያው ባንዲራ ነው። አጠፋሁት።

አልቬታ ለመራመድ ከመጣች ሰነበተች። ኬክ ጋግሬ በረንዳዋ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። መኪናዋ ቆሟል፣ መብራቷ በርቷል። በሩን አላንኳኳሁም። ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ ጁን 25

ከንቲባው አደባባዩ ላይ፣ ከወታደሩ ሐውልት ጎን የሚውለበለበው ያው ባንዲራ ይውረድ ብሎ ለምክር ቤቱ አቀረበ። አባላቱ አምስት ናቸው። ሁለቱ ይውረድ ባይ፣ ሁለቱ አይነካም ባይ፤ አምስተኛው የብረታ ብረት መደብሩ ሚስተር ላምኪን ነው፣ እሱ ደግሞ ምስማር ሲመርጥ እንኳ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰው ነው።

ፀጉር ቤት ሌላ ወሬ የለም። አንዷ "ዛሬ ባንዲራውን፣ ነገ ሐውልቱን፣ ከነገ ወዲያ እኛኑ" ትላለች። ሌላዋ ልጇ ኳስ አብረውት የሚጫወቱትን ልጆች በዚያ መንገድ ይዞ ማለፍ ያፍራል አለች። ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ "እርስዎስ ሚስ ዶቪ፣ ምን ይላሉ?" አለችኝ። ቀለሙ ራሴን እያቃጠለኝ ነው አልኳት። አላቃጠለኝም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁን 30

አልቬታ መጣች። የኬኬን ሳህን አጥባ ይዛልኝ ነው የመጣችው። በረንዳው ላይ ተቀመጥን፣ ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳሁላት፣ ብዙ አልጠጣችም።

ስለ ባንዲራው የምታወራኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ያነሳችው ሌላ ነው። ኦገስት ላይ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን የተበተነው ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የሞቱትን ስም ያስጠራል። ስም ጠሪዋ አክስቷ ጁዌል ናቸው፤ ዘጠና አልፏቸዋል፣ ሁሉንም በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ስም በተጠራ ቁጥር ሕዝቡ "አለ"፣ "አለች" ብሎ ይመልሳል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ስም የለም። "ልጅቱ" ይላሉ ብቻ። ፕራይመስ ከካፒቴኑ ጋር ጦርነት ላይ እያለ የተሸጠችው ሴት ልጁ ናት።

"ከሕፃንነቴ ጀምሮ 'ልጅቱ' ሲባል ነው የሰማሁት" አለችኝ። "ዶቪ፣ የሸጧት የእናንተ ሰዎች ናቸው። አያትሽ ደግሞ ወሬ የማይሰለቻቸው ሴት ነበሩ። ስሟን ነግረውሽ ያውቃሉ?"

አያቴ አታውቅም ነበር አልኳት።

ከንፈሬን ነበር የምታየው። አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጣ ተነሳች። "አክስቴ ሳትሞት ብንሰማው ብዬ ነው" አለች።

አሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ አንድ ስም ምን ይጎዳኛል? ምንም። ስሙን አውቃለሁ ካልኩ ግን የቀረውንም አውቃለሁ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ የመቃብር እሑድ ምሳ ላይ በወንዙና በበረንዳው ብቻ ሰው ሳስለቅስ የኖርኩት አውቄ ነው ማለት ነው። አያቴ ታሪኩን የሰማችው ከእናቷ ነው፤ እናቷ የካፒቴኑ ልጅ ነበረች፣ ከልጅቱ ጋር በጨርቅ አሻንጉሊት ይጫወቱ ነበር። ስትወሰድ በዓይኗ አይታለች። ከሽያጩም የባሰ አለ፤ እሱን እዚህም አልጽፈውም።

ሰኞ፣ ጁላይ 6

ሮይስ የጣራዬን አሸንዳ ሊያጸዳ መጣ። መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ የመጪው ሳምንት ማክሰኞ ምክር ቤቱ ሕዝብ ስለሚሰማ የፕራይመስን ታሪክ እንድናገር ጠየቀኝ። ላምኪን እያመነታ ነው፣ ይህን ከሰማ ነገሩ አለቀ ይላል። ሰው ፊት መናገር አልችልም አልኩት። ከመሰላሉ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

ኤርል ከሞተ ወዲህ ሣሬን የሚያጭድልኝ፣ ለዓይኔ መርፌ ከተማ የሚያመላልሰኝ ሮይስ ነው። ልጆቼ በገና ይደውላሉ። ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?

እሺ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 14

ሰማያዊውን ቀሚስ። ሮይስ መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። መጨረሻውን እናገራለሁ። እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ቁልፌ የት ገባ።

ያው ዕለት፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የእኛ ሰዎች በግራ፣ የእነ አልቬታ በቀኝ፣ ማንም እንዲህ ተቀመጡ ሳይል። ሮይስ ከእኔ በፊት ተነሥቶ ተናገረ፤ ስለ ደም፣ ስለ አባቶች፣ ባንዲራው ጥላቻ ሳይሆን ትዝታ ስለመሆኑ። ከቀኝ በኩል አንድ መምህር ተነሣና "የእናንተ ትዝታ እኛን ሲሸጥ ነበር" አለው። ትንሽ ጉርምርምታ ሆነ። ከዚያ ከንቲባው "ሚስ ዶቪ፣ እርስዎ ይቀጥሉ" አለ።

ጀመርኩ። እግሩን ሲመታ፣ ጫካው፣ ወንዙ። ወንዙ ጋ ድምፄ በራሱ ዝቅ አለ፤ እኔ አላልኩትም፣ ለምዶበት ነው። አልቬታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና አፌን ታያለች። "በረንዳው ላይም አስቀመጠው" አልኩ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ "ከዚያ ፕራይመስ ሴት ልጁን ተጣራ።" አፌ ተከፍቷል፣ ከንፈሬም መንቀሳቀስ የጀመረ ይመስለኛል። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው አጨበጨበ። ሮይስ ይሁን ሌላ አላየሁም። ጭብጨባው ሲያስተጋባ እኔ ተቀመጥኩ።

ጭብጨባው ነው ያቋረጠኝ ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ጭብጨባ ግን ያልቃል፤ ሲያልቅ መነሳት እችል ነበር።

ላምኪን ተነሥቶ "ፕራይመስ በዚያ ባንዲራ ሥር ይህን ካደረገ እኔ ማን ነኝና አወርደዋለሁ" አለ። ሦስት ለሁለት። ባንዲራው ይቆያል። ሮይስ አቅፎ አነሳኝ። ከቀኝ በኩል ያሉት ሰዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አልቬታ አዙረው እንድትናገር ጠበቁ። አልተናገረችም። ዓረፍተ ነገሩን ከንፈሬ ላይ አንብባው ይሆን? ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ደግሞም እፈራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 21

ሰው በየመንገዱ እጄን ይጨብጠኛል። ፋርማሲ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው "ከተማችንን አዳንሽልን" አለኝ።

ገበያ አዳራሹ ውስጥ ከአልቬታ ጋር ኮክ የተከመረበት ጋ ተገናኘን። "ደህና ዋሉ፣ ሚሲስ ፕሩት?" አለችኝ። በጨዋ ደንብ፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ ለባንክ ሠራተኛ እንደሚባለው። "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" አልኳት። "ደህና ነው፣ ሚሲስ ፕሩት። ይግዙ፣ እኔ ጨርሻለሁ።" ቅርጫቷ ውስጥ ምንም አልነበረም።

መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ለራሴ ነው ያለቀስኩት፣ ያንንም አውቃለሁ።

እሑድ፣ ኦገስት 2

ሮይስ ዓሣ ቤት ጋበዘኝ። አፉን ሞልቶ እየበላ ሳለ "አያታችን ስለ ልጅቱ የምትለውን ታስታውሳለህ?" አልኩት።

"የቷ ልጅ?" አለ። የበቆሎ ዳቦውን ቆረሰ፣ ቅቤ ቀባ፣ ጥቂት አኘከ። ከዚያ ቀና ሳይል "ለአንቺ ብቻ የነገረችሽ ይመስልሻል እንዴ? ሁላችንም እናውቃለን። ስለምናውቅ እኮ ነው ማንም የማይጠይቀው" አለኝ።

"ታዲያ ድንጋዩን እንዴት አቆምክ?"

"አቆምኩለት። ከማንም የተሻለ ድንጋይ። ምን ላድርግ ሌላ፣ እህቴ? እኔ ሸጥኳት?" ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወንድሜን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። እጁን ያዝኩት። ቤት ሲያደርሰኝ ደግሞ "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት እሱን ከእውነቱ ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም እኔን እየጠበቀኝ ነው፤ ሁለታችንም እንግዲህ ማንን እንደምንጠብቅ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 5

ላምኪን ጋ ደወልኩ። ያ ታሪክ መጨረሻ አለው አልኩት፣ የልጅቱን ነገር ነገርኩት። "ሚስ ዶቪ፣ ይኼን ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ" አለና አልጨረሰውም። አሁን ድምፅ ተሰጥቷል፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሟል፣ እሱም የሰው መሳቂያ እንዳይሆን ባላወራው ደስ እንደሚለው ነገረኝ። የባለቤቱን ጤና ጠየቅኩ። ዘጋን።

እሑድ፣ ኦገስት 9

የሆነውን ሳልረሳ ልጻፈው።

ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። በአደባባዩ ሳልፍ ነፋስ ስላልነበረ ባንዲራው እንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረገች ሴት የወረቀት ማራገቢያ ሰጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሰዎች ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ ትተውኝ ወደ ፊታቸው ዞሩ። አልቬታ ከፊት ነበረች። አልዞረችም።

አክስት ጁዌልን ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አቆሟቸው። ምንም ወረቀት አልያዙም። "ፕራይመስ" አሉ። "አለ" አለ ሕዝቡ። "ሄስተር፣ ሚስቱ።" "አለች።" ወንዶቹን ልጆች ጠሩ። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱና "ልጅቱ" አሉ።

ሕዝቡ ከመመለሱ በፊት ተነሣሁ። "ስሟ ቫይኒ ነው" አልኩ።

ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር፤ በዚህኛው ግን ከልምድ አልነበረም። አክስት ጁዌል እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው "ማን ነሽ አንቺ?" አሉኝ። ዶቪ ፕሩት ነኝ፣ የያርብሮዎቹ ወገን ነኝ አልኳቸው። "ቫይኒ። ስድስት ዓመቷ ነበር። ወደ ቴክሳስ ነው የወሰዷት። የአያቴ እናት አብራት ትጫወት ነበር፤ ስትወሰድም አይታለች።"

አክስት ጁዌል ስሙን መጀመሪያ ለብቻቸው፣ ድምፅ ሳያወጡ ሞከሩት። ከዚያ ቀና ብለው "ቫይኒ" ብለው ጠሩ።

"አለች" አለ ቤቱ በሙሉ። አንዲት ሴት ጮሃ አለቀሰች። እኔ መቀመጥ ፈለግኩ፣ ደግሞ መቀመጥ የሌለብኝ መሰለኝ።

አልቬታ ከፊት ተነሥታ በመሀሉ መተላለፊያ መጣች። ቀስ ብላ ነው የመጣችው፣ ጉልበቷ ያማታል። ፊቴ ቆመች። የምታየው እንደ ወትሮዋ አፌን ነው።

"ካፒቴኑስ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

አልጽፈውም ያልኩት ይህን ነበር። "ያዘዘው እሱ ነው" አልኳት። "ከጦር ሜዳ ወደ አገሩ በሚመለስ ሰው ነው ለሚስቱ መልእክት የላከው። ልጅቱን ሽጪያት፣ ፕራይመስ ግን እንዳይሰማ ብሎ። ከመቁሰሉ በፊት ነው።"

"ስለዚህ ጀርባው ላይ ሆኖ ያውቅ ነበር።"

"አዎ።"

"ጫካውንም፣ ወንዙንም።"

"መንገዱን ሁሉ" አልኩ።

አልቬታ አላለቀሰችም፣ አልነካችኝምም። ረጅም ጊዜ አየችኝ። በዚህ ጊዜ አፌን አይደለም፣ ዓይኔን ነው።

"አንቺስ?" አለችኝ።

የወረቀት ማራገቢያውን አጣጠፍኩት። እንድመልስ ጠበቀችኝ፤ ሕዝቡም ጠበቀኝ። ከዚያ አክስት ጁዌል ቀጣዩን ስም ጠሩ፣ አልቬታም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።